ሆዷን የረሳችው የሻረግ

የሻረግ ሞተች ብለው ሲነግሩኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ቃል «ጥርሷን አድርጋ ነው ወይስ አውልቃ?» የሚል ነበር። መርዶውን ይዞ የመጣው ልጄ አድማሱ ክው አለ።

«እማ! ሰው ሞተ እኮ ነው የምልሽ!»

«ሰምቻለሁ። የጠየቅሁህን መልስልኝ።»

አያውቀውም። ከየት ያውቀዋል? የጥርሷን ምሥጢር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። በሕይወት ሳለች በሚካኤል አስምላኝ ነበርና አፌን ይዤ ኖርኩ። አሁን እሷም ሞታለች፣ መሐላውም አብሯት ተቀብሯል። ስለዚህ አንቺ ልጅ፣ እንደምነግርሽ ጻፊው፤ አታሳምሪው።

እኔና የሻረግ ቁሐር ሚካኤል አጥር ለአጥር ነው የኖርን። ክረምት ሲገባ ሜዳው እንዳለ ውኃ ይሆናል፤ ደረቅ ሆኖ የሚቀረው የኔና የሷ ደጅ ነው። ብንጣላም መሸሻ የለንም። የሷ ዶሮ እኔ ግቢ ትጭራለች፣ የኔ ጥጃ የሷን ጭድ ይበላል፣ እንዲሁ ስንነታረክ አረጀን።

መልከ መልካም ነበረች፤ እሱን አልክድም። ረጅም፣ ቀይ፣ አንገቷ ብርሌ የመሰለ። ግን መልኳን ከማንም በፊት የምታውቀው እሷ ራሷ ነበረች። ውኃ ለመቅዳት ስትጎነበስ እንኳ መጀመሪያ ፊቷን አይታ ነው እንስራዋን የምትነክር። ታዲያ እንዲያ ያለችው ሴት የላይኛው የፊት ጥርሷ ተራ በተራ እየበሰበሰ ሲያልቅ ዓለም የጠፋ መሰላት። አፏን በነጠላ ሸፍና መኖር ጀመረች። ያን ጊዜ ጥሩ ሰው ሆና ነበር። አትናገርማ!

አዲስ አበባ ሹፌር የሆነ ልጅ አላት። መጣና ይዟት ባሕር ዳር ሄደ። የቀሩትን ብስባሾች አስነቀለላትና በደህናዎቹ ላይ በሽቦ የሚያዝ፣ የሚወልቅ ጥርስ አሠራላት።

የተመለሰች ዕለት መንገድ ላይ ቆማ አየኋት። አንድ ሰው በጉ ጠፍቶበት «እባካችሁ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት በግ አላያችሁም?» እያለ ይጠይቃታል። እሷ ትስቅለታለች። ሰውዬው አበደች ብሎ ጥሏት ሄደ። ከዚያ ወዲያ የማያስቃት ነገር ጠፋ። ለቅሶ ቤት ገብታ «እግዜር ያጽናናችሁ» ስትል እስከ መንጋጋዋ ትከፍተዋለች። ሰው ጥርሷን ሳያደንቅ ካለፈ ደግሞ በጥፍሯ ኳ ኳ ታደርገውና «የባሕር ዳር ነው። ቆሎ እሰብርበታለሁ» ትላለች።

እንግዲህ ያቺ ቆሎ ናት መዘዟ።

የመጀመሪያው የሩዝ አረም ደረሰና ደቦ ወጣን። የሩዝ አረም ማለት ቅልጥም ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ፣ አልቅት ከእግር እየለቀሙ፣ አጎንብሶ መዋል ነው። ወገብ ይቆረጣል፣ ሆድ ይጮሃል። ምሳ ሲመጣ ዳር ወጥተን ተቀመጥን፤ እንጀራ በሽሮ፣ ከላዩ የሽምብራ ቆሎ። የደቦዋ ባለቤት፣ ተጫዋች ሴት ናት፣ ከቆሎው አንድ እፍኝ ዘግና የሻረግ እጅ ላይ ገለበጠችው።

«በይ እስቲ የሻረግ፣ በባሕር ዳሩ ስበሪልን! ድምፁን እንስማው!»

ሃያ ዓይን አፏ ላይ ተተከለ። የሻረግ ቆሎውን አየችው።  ቀስ ብላ ቆሎውን ወደ ሰፌዱ መለሰችና ዓይኗን ወደ ሰማይ ሰቅላ፣

«ወሩ ምን እንደሆነ ረሳችሁት? የሐዋርያት ጾም አይደል እንዴ?» አለች። «እኔማ ሆዴን ረስቼዋለሁ።»

እኛ አገር የሰኔን ጾም ካህንና መነኩሴ ካልሆነ፣ ጭቃ ውስጥ የሚውል ገበሬ ማን ይጾመዋል? ሰው ሁሉ አፉን ያዘ።

«ኧረ የሻረግ! ውኃ ውስጥ ቆመሽ?»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስከ ዘጠኝ» አለች። ጥርሷን እያሳየች።

ያቺ ሴት ማታ ቤቷ ስትገባ ቅድስት ሆና ገባች። ደቦ የወጡት ሴቶች ናቸዋ! የአንዷ አፍ ለሌላዋ፣ የሌላዋ ለባሏ፣ እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስንሳለም መምሬ ሁሉ ሰምተውት ነበር።

በሐምሌ የሚካኤል ማኅበር እኔ ቤት ወጣ። ጾሙ ተፈቷል፤ ዶሮ ሠርቻለሁ፣ ድፎ ደፍቻለሁ። የሻረግ አልነካችም። «ስለት አለብኝ» አለች። የድፎዋን ቁራሽ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ «ለድሃ እሰጠዋለሁ» ብላ ይዛ ተነሣች። መምሬ ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ ለሌላ ሰው ሲነሡ አይቼ አላውቅም።

«እዩአት ልጆቼ» አሉ። «እኛ ካህናቱ ለዶሮው ስንሻማ እሷ ሆዷን ረስታዋለች። እንደ የሻረግ ጹሙ!»

ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ማን ይቻላት! ወጣቶቹ ሴቶች ጉልበቷን ይስማሉ። ልጅ የታመመባት «ራሱን ዳብሽልኝ» ብላ ታመጣላታለች፤ እሷም ትዳብሳለች፣ አታፍርም። የማን ድስት ስንት ሰዓት እንደተጣደ ከጭሱ ትቆጥራለች። ፍልሰታ ገብቶ ወገቤን ጥሎኝ መምሬ ራሳቸው «አንቺ በሽተኛ ነሽ፣ በጠዋት ቅመሺ» ብለውኝ አጥሚት ይዤ ደጅ ላይ ተቀምጫለሁ። ከአጥሩ ማዶ ብቅ አለች።

«ምናለ አንቺም እንደ ሰው ሆድሽን ብትረሺው» አለችኝ።

ከአጥሩ በላይ የሚታየኝ ያ ጥርሷ ብቻ ነበር። አጥሚቱ አፌ ውስጥ መረረኝ። እንደዚያን ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም።

እዚያው ፍልሰታ ውስጥ ነው የያዝኳት። ሩዝ የማነፍስበት ሰፌዴ ተቀዶብኝ የሷን ልዋስ ሄድኩ። ጠዋት ነው፤ ፀሐዩ ገና ጣሪያ አልደረሰም። በሩ ገርበብ ብሏል። «ቤቶች!» ብዬ ገፋ አደረግሁት። የሻረግ ከጎተራው ጀርባ ቁጭ ብላለች። ከፊቷ ሳህን አለ፤ የተልባ ፍትፍት። በጣቷ ድጥ አድርጋ እያላቆጠች እንደ ሕፃን ትውጣለች። ጥርሷ አጠገቧ የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ፣ ውኃ ላይ ተቀምጧል። ባዶ አፏን ወደኔ አዞረች። ድዷ ተልጦ፣ ሽቦው የያዘበት ቆስሎ፣ ቀይ ሥጋ ሆኗል።

«ይኼ ነው ጾምሽ?» አልኳት።

«በሩን ዝጊው! በሚካኤል ዝጊው!»

ዘጋሁት። ነጠላዋን አፏ ላይ ደፍታ ትንሰቀሰቅ ጀመር። ነገሩን ያኔ ሰማሁት። ጥርሱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይታኘክበትም ነበር። ድዷን ያኝከዋል እንጂ እህል አያኝክም። ሰው ፊት አታወልቀው፣ አፏ ባዶ ሊታይ ነው፤ አድርጋው አትበላ፣ ደሟ ሊወርድ ነው። ቆሎው የመጣ ዕለት ጾሙ ትዝ አላትና በሱ አመለጠች። የማኅበሩ ድፎም ድሃ ቤት አልደረሰም፤ በውኃ ዘፍዝፋ በላችው።

«ታዲያ አንቺ ጅል፣ ሐኪሙ ሲያምሽ ተመለሺ አላለሽም?»

«ብሎኛል። ይሞረዳል ብሎኛል።»

«እና?»

«ምን ብዬ ልመለስ? ወረታ መናኸሪያ ስቆም ወዴት ነው አይሉኝም? ቆሎ እሰብርበታለሁ ያልኩት ሴት ማኘክ አቃታት ላስብል? ጾሟ ውሸት ነው ላስብል? መምሬ ተነሥተውልኛል እኮ!»

«‹ያመኛል፣ አለስልሱልኝ› ማለት ነው። አንዲት ቃል ናት።»

ቀና ብላ አየችኝ። እንባዋ ጉንጯ ላይ ነው፤ ግን ዓይኗ ውስጥ ያ የድሮ ንቀቷ ነበር።

«አንቺ ክብር የሚባል ነገር አታውቂም» አለችኝ። ድዷ እየደማ፣ ተልባ አገጯ ላይ እየወረደ!

በሚካኤል ማይልኝ አለች፤ ማልኩላት። አዝኜላት አይደለም። እንዲያ ያለ ጅል እግሬ ላይ ወድቆ ሲያለቅስ መቆም ስለቀፈፈኝ ነው። ሰፌዱንም ሳልዋስ ወጣሁ። በነጋታው በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ሳቀችልኝ፤ ምንም እንዳልሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የመቅጠን ታሪክ ነው። ቅድስና እንደሆነ አይለቅም፤ አንዴ ከተነሡልሽ መቀመጥ አይቻልም። ሰርግ ሲሆን ስለት አለባት፣ ክርስትና ሲሆን ሱባኤ ላይ ናት፣ ፋሲካ እንኳ «ትንሽ ቀምሻለሁ» ትላለች። ቤቷ ደግሞ ጠያቂ አይጠፋም፤ ጣራ ገዳም ተሳልሞ የሚመለሰው ሁሉ «ጾመኛዋን እንይ» ብሎ ይገባል። ጥርሷን አውልቃ የምትጎርስበት ጊዜ አጣች። ጉንጯ ገባ፣ አንገቷ ክር ሆነ። ፊቷ ላይ የቀረው ጥርስ ብቻ ነበር፣ ነጭ፣ የባሕር ዳር። ሰው ግን «ብርሃኗን እዩት» ይላል። ኤድያ!

በያዝነው ዓመት ሳይሆን ባለፈው ክረምት፣ ሜዳው በውኃ እንደተሞላ፣ ትንሽ ትኩሳት ነካት። ጠንካራ ሰው ሦስት ቀን ተኝቶ የሚነሣበት ነው። እሷ በምን አቅሟ ትነሣ?

ያጥቧት ዘንድ ከተጠሩት ሴቶች አንዷ እኔ ነበርኩ። ጥርሷ ጣሳው ውስጥ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ልትጎርስ አውልቃው ይሁን አላውቅም። ሌሎቹ ጣሳውን ሲያዩ ደነገጡ።

«ይግባላት ወይስ ይቅር?» አለች አንዷ።

«አድርጉላት» አልኩ። «ያለሱ ሚካኤልም አያውቃት።»

ተቆጡኝ። ቢሆንም አደረጉላት። ከነሳቋ ተገነዘች።

እንግዲህ አሁን የኔ ይመጣል። መስከረም ላይ ጉንጬ አበጠ። ሌሊት እንቅልፍ የለ፣ ቀን እህል የለ። አድማሱ ወረታ ወሰደኝ። የጥርስ ሐኪሟ የልጅ ልጄን የምታክል ልጅ ናት፤ አፌን በመብራት አየችው።

«እማማ፣ እነዚህ ሦስቱ ተነቃንቀዋል፣ ሥራቸው መግል ይዟል። ይነቀሉ። ካልተነቀሉ አጠገባቸው ያሉትንም ያበላሻሉ። የቀሩት ግን ደህና ናቸው፤ እነሱ ላይ የሚያዝ፣ የሚወልቅ ጥርስ ባሕር ዳር ይሠራልዎታል። ይበሉበታል።»

«እኔ የማውቀው የሚወልቅ ጥርስ ባለቤቱን ነው የበላው» አልኳት።

ልጅቷ አልገባትም። አድማሱ ለመነኝ፣ ተቆጣኝ። እንቢ አልኩ። የሚዋጥ መድኃኒት ተቀብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ «የየሻረግን ዕቃ አፌ አላስገባም!» አልኩት። እውነቴን ነው፤ ባዶ ድድ ይሻለኛል ብዬ ነበር። መነቀሉንም ፈርቼ ነበር፤ ከተነቀለ በኋላ ያለ ጥርስ ምን እንደምበላ አላውቅም፣ ጥርሱን ካደረግሁ ደግሞ እሷን እሆናለሁ። እንዲሁ ሳወላውል እብጠቱ እየመጣ እየሄደ ኅዳር ደረሰ።

ኅዳር ላይ ጎረቤት ክርስትና ተጠራሁ። ዳቦ ቀረበልኝ። ልቆርሰው ብዬ ሳስበው ብቻ መንጋጋዬ ነዘረኝ። ገፋ አደረግሁትና፣

«ጠግቤያለሁ» አልኩ።

አስተናጋጇ፣ ገና ዓምና ያገባች ልጅ ናት፣ ዓይኗ በራ።

«እማማም እንደ እትዬ የሻረግ ሆድዎን ረሱት! ምን ያለ መታደል ነው!» ብላ ጎንበስ አለችና ጉልበቴን ሳመችው።

እሳት እንደነካው ሰው ጉልበቴን ሰበሰብኩ። ልጅቷ ደነገጠች። ዙሪያዬን ሳይ ሴቶቹ ሁሉ በዚያ በማውቀው ዓይን ያዩኛል፣ የሻረግን በሚያዩበት። ደግሞስ ምን ልበልሽ፣ ሆዴ እየጮኸ፣ ጥርሴ እየነዘረኝ፣ ደስ አለኝ። እንደ ማር ነው፤ ሲሳም ጉልበት እንደዚያ የሚጣፍጥ አይመስለኝም ነበር። ያኔ ነው ያቺ ሴት እንዴት እንደሞተች የገባኝ። ገብቶኝም አላዘንኩላት፤ ይብሱን ናቅኋት። ይኼን ማር እኮ መትፋት አቅቷት ነው!

ቤት ገብቼ አድማሱን «ነገ ወረታ ውሰደኝ» አልኩት።

ሐኪሟ ማደንዘዣ ወጋችኝ፤ ግማሽ ፊቴ የሰው ፊት ሆነ። ነቀለችው። መፍራቴ ይደንቀኛል፤ ከሕመሙ መነቀሉ ይቀል ነበር። ድዴ ሲሽር ባሕር ዳር ሄድን፣ ለክተው ሠሩት። አደረጉልኝ። እንደ ባዕድ ሰው አፌ ውስጥ ተቀመጠ። በሳምንቱ ድዴን ላጠው፤ ልክ እንደሷ። አድማሱን ቀስቅሼ መናኸሪያ ወረድን። የሚያውቀኝ የባጃጅ ልጅ ከሩቅ ጮኸ፣

«እማማ! ወዴት ነው?»

«ጥርሴ ድዴን በልቶኛል፣ ላስሞርደው!» ብዬ እኔም ጮህኩለት።

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ይሳቅ። የባሕር ዳሩ ሐኪም ሞረደው፤ ሌላ ጊዜም ተመለስኩ፣ ሌላ ጊዜም ሞረደው። እየተሻለው ሄደ፤ ግን እንደ ራስ ጥርስ ነው ብዬ አልዋሽሽም። ሥጋና አጥንት ገና ይከብደዋል።

የየሻረግ ተዝካር ሩዙ ተሰብስቦ፣ ልጇ ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ ጥር ላይ ተደገሰ። ትልቅ ዳስ ተጣለ፣ በሬ ወደቀ። መምሬ ከመብሉ በፊት ተነሥተው «ይቺ እናታችን ሥጋዋን አድርቃ ነፍሷን ያለመለመች» ምናምን አሉ። ሰው ያለቅሳል። በአጠገቤ ጥሩወርቅ ተቀምጣለች፤ እኩያዬ ናት፣ የፊት ጥርሷ ካለቀ ቆይቷል። የሻረግ ከሞተች ጀምሮ እሷም ስለት ጀምራለች። ድግስ ስትሄድ አትበላም። ቅጥነቷ ጀምሯል። አስተናጋጇ ያቺው ክርስትናው ላይ ጉልበቴን የሳመችው ልጅ ናት። ለጥሩወርቅ ሳህን ስታቀርብ ጥሩወርቅ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣

«ለኔ ተይው ልጄ። ሆዴን ረስቼዋለሁ» አለች።

የሟቿን ቃል! እዚያው ተዝካሯ ላይ!

እኔ ወጡን ጎረስኩ። ሁለተኛው ጉርሻ ላይ የሥጋ ጅማት ከጥርሱ ሥር ገብቶ ድዴን ሰቀዘኝ። ማኘኬን አቆምኩ። ልጅቷ አየችኝ።

«እማማ፣ እርስዎም ተዉት? ይጾማሉ?»

መምሬ ዘወር አሉ። ሴቶቹ ዘወር አሉ። ሳህኑን ትንሽ ገፋ ባደርገው በቃ፣ ቅድስናው ከየሻረግ ወደኔ ይዛወር ነበር። ሁለት ጣቴን አፌ ከተትኩና ጥርሴን ከነሽቦው አወለቅሁት፤ ሳህኔ ጠርዝ ላይ፣ ከእንጀራው አጠገብ አስቀመጥኩት።  አንድ ሕፃን «ወይኔ!» ሲል ሰማሁት።

«እኔ ሆዴን አልረሳሁትም» አልኩ በባዶ አፌ። «ያመኛል፣ አለስልሺልኝ። በመረቅ ፍትፍት አድርጊልኝ። ጨምሪበት።»

መምሬ አጎንብሰው ወደ ሳህናቸው ተመለሱ። ልጅቷ ፍትፍቱን ይዛልኝ መጣች። ድፍን ሰው እያየኝ በላሁ፤ መረቁ አገጬ ላይ ወረደ፣ ጠረግሁት፣ ደግሞ በላሁ። ጥሩወርቅ ጥርሴን ታያለች፣ ፍትፍቱን ታያለች።  ኋላ ልጅቷን በነጠላዋ ጫፍ ጎተተቻት።

«ልጄ» አለቻት በሹክሹክታ፣ «ለኔም እንደዚያው አለስልሺልኝ።»

አንድም ሰው አልሳቀባት። ልጅቷ ሄዳ አመጣችላት፣ በላች። ይኸው ነው። ይቺን ለማለት የፈጀባት አንድ ትንፋሽ ነው። የሻረግ ይቺን ማለት አቅቷት ነው አፈር የገባችው፣ ከነጥርሷ። ነፍሷን ይማር እላለሁ፣ ክርስቲያን ነኝና። ግን ጅል ነበረች፤ እሱንም ጻፊው።